የዶክተር በላቸው ስምንት በሽተኞች

ዶክተር በላቸው ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር አድጎ፣ ጎንደርን ለመርሳት የፈጀበት ባሕር ማዶ የተማረባት አራት ዓመት ብቻ ናት። እንደተመለሰ ጣፊያ በሚያሳብጠው በካላዛር የታመሙ የአርባ ሰዎችና የአርባ ጤነኞች ደም አስቀድቶ ወደ ውጭ ላከ። እዚያ ያለው መሣሪያ ከአንዲት ጠብታ ደም ሺህ ነገር ባንዴ ይለካል፤ በበሽተኛው ደም ሞልቶ ከጤነኛው የታጣው ነገር የበሽታው ምልክት ይባላል። ምልክቱ ከተገኘ በሽታውን ለማወቅ ጣፊያ በመርፌ መውጋት ቀረ ማለት ነው። ሥራው ሸጋ ነበር፣ ሠሪው ባይሆን።

ደሙን የቀዳችው ራቢዓ ናት፤ ከዐሥረኛ ክፍል አቋርጣ ሙያውን በዓይኗ የለቀመች። ጤነኛ ሲጎድል የራሷንም ክንድ ሰጥታለች።

ውጤቱ በዓመቱ፣ በፋሲካ ማግስት መጣ።

«ምልክቱን አገኘሁት!» አላት ዶክተሩ። «ግን ከጤነኞቹ በስምንቱ ላይም ታየ። አንዷ አንቺ ነሽ። በሽታው ውስጥሽ ተደብቋል፤ እስክትታከሚ ደም እንዳትነኪ።»

ያለዚያች መርፌ ራቢዓ እንጀራ የላትም። ሆኖም አልለመነችም። «የስምንታችንን ቁጥር ያንብቡልኝ» ብላ የተቀጂዎቹን ስም የመዘገበችበትን ደብተር ገለጠች። እሱ ቁጥር ሲጠራ እሷ ስም ትመልሳለች፤ «ሐቢብ። ሳሊም። ዐዚዛ። ፈህሚያ...» መንበረ ከምትባል አንዲት ሴት በቀር ሁሉም እስላም ሆኑ።

«ሰፈራችሁ የበሽታው ዝንብ ገብቶ ይሆናል» አለ ዶክተሩ በከባድ ድምፅ።

ራቢዓን ሳቅ አመለጣት። «ዝንብ! ጤነኞቹን ያስቀዱኝ በሁዳዴ አይደል እንዴ? ሌሎቹ ጤነኞች፣ የድብ ባሕር ገበሬዎች፣ ጾመው በሽሮና በተልባ ሲውሉ እኛ እስላሞቹ ወተታችንን እንጠጣለን፣ ሥጋችንን እንበላለን። መንበረ ደግሞ አራስ ነበረች፤ ገንፎዋ በቅቤ ነው። በሽተኞችዎንስ የነፍስ አባቶቻቸው ጾም አስፈትተዋቸው የለ? ያ ሁሉ መሣሪያ ያገኘው ቅቤ ነው፣ ዶክተር! እናትዎን ቢጠይቁ ኖሮ ይበቃ ነበር።»

ዶክተሩ የውጤቱን ወረቀት አገላበጠ። ወዲያው ግን ፊቱ በራ። «እንግዲያው ስምንታችሁን ከጥናቱ እሰርዛለሁ፤ ውጤቱ ጥርት ይላል። አንቺም ድነሻል፤ ነገ ሥራሽን ጀምሪ።»

በእስክሪብቶ አሳምሞ በእስክሪብቶ ፈወሳት!

ራቢዓ ለነገ አልቆየችም። ጓንቷን አጥልቃ፣ መርፌዋን ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

«ምነው?»

«የትናንቱ ዶሮ ወጥ ገና ከጢምዎ አልወረደም። ይቀዱና ደምዎ ባሕር ይሻገር፤ ያው ምልክት ይታይበታል። ዘጠነኛው በሽተኛ እርስዎ ነዎት፤ ሲሰርዙን አብረው ይሰረዛሉ።»

ዶክተር በላቸው እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።