በገበር ውስጥ የቀሩ ቃላት

ሰፈርተኛው «ወስውሴ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተተረተረ ኪስ እንኳ ሳይቀር መጀመሪያ በእጇ ሳትወሰውስ፣ በረጅም ክር ለጊዜው ሳታያይዝ፣ የስፌት መኪናው ላይ አታስቀምጥም። ደንበኛ ከነዘነዛት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትለዋለች፤ ክሯንም በጥርሷ ትበጥሳለች።

እንግሊዝኛ ላይ ግን ይኸው ጥንቃቄዋ ጠላት ሆነባት። የሙያ ማሠልጠኛው የስፌት አስተማሪ ይፈልጋል፤ የእጇን ሥራ አይተው ወደዋታል፤ የጠየቋት የምትማርበትን የማታ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። እናቷ ስትሞት ትምህርቷን ትታ ታናሾቿን ያሳደገች ሴት ናትና አስተማሪ የመሆን ሐሳብ እንቅልፍ ነሳት። የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች። የቃል ፈተናው ጊዜ ግን የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ፊት ቀርባ ምላሷ ተሳሰረ። ቃላቱን በሆዷ ስትወሰውስ ሰውየው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ። ድምፅዎን ሳልሰማ ላሳልፍዎ አልችልም፣ ለሚመጣው ዓመት ይሞክሩ አሏት። እስከዚያ ድረስ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

ክፋቱ ደግሞ የሰውየው ኮት እሷው ቤት ነበር። ገበሩ ስላለቀ ይቀየርልን ብለው ሚስታቸው አምጥተውት ነበርና፣ ወስውሴ ተናዳ እየሰፋችው ትምህርቷንም ቀጠለች። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ጻፈቻቸው። ስሞቹን በሱሪ ጨርቅ፣ ቅጽሎቹን በአበባማው፣ የድርጊት ግሦቹን በቀዩ። «መስፋት»፣ «መቁረጥ»፣ «መሮጥ» ገብተዋታል፤ ላባቸው ይታያል። ማያያዣ ግሥ የሚሉት፣ «ነው» እንደማለት ያለው ግን አናደዳት። ምንም ሳይሠራ ከሠራተኞቹ ጋር የሚቆጠር ምን ዓይነት ግሥ ነው ብላ ተማረረች።

ልብስ የምትተኩሰው ታናሽ እህቷ ካውያዋን አስቀምጣ፣ «እትዬ፣ ያንቺ የውስወሳ ክር ምን ይሠራል?» አለቻት።

«ያያይዛል።»

«እሱም ያያይዛል። ሰውየውን ከጠባዩ ጋር።»

ወስውሴ መቀሷን አነሣች። ከዚያ ነጭ ጥብጣብ ቆርጣ «ኢዝ» ብላ ጻፈችበት። እጇ ላይ ያለው ገና ያልተዘጋው ገበር ነበርና፣ በስተውስጡ በኩል ቃላቱን አሰልፋ ወሰወሰቻቸው። ሰውየው ቁጡ ነው። ኮቱ አሮጌ ነው። በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ፤ ልቧም ትንሽ ቀለል አላት። ስመለስ እፈታዋለሁ ብላ ቁልፍ ልትገዛ ወጣች።

ስትመለስ ኮቱ የለም። ሚስትየው መጥተው ሲያጣድፏት እህቷ ጠርዙን በመኪና ዘግታ፣ ተኩሳ አስረክባቸዋለች። ይህች ልጅ ከቸኮለች ገበሩ ውስጥ ዝሆን ቢተኛበትም አታይም። ወስውሴ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ሰውየው እንግዲህ ቁጣቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ሊዞሩ ነው፤ የሷም ነገር አበቃ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ኮቱን በክንዳቸው ይዘው ገቡ። ሲጎረብጣቸው ሰንብቶ ጠርዙን በምላጭ ከፍተውታል። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ዘረጉት። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት አቋረጧት።

«ይቅርታውን ይተዉትና ያንብቡልኝ።»

ጣቷን በየቁራጩ ላይ እያሳለፈች አነበበች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ቃላቱ ቀድመው ተወስውሰዋልና አልተሰናከለችም። ሰውየው ፊታቸውን እንዳጠቆሩ በእንግሊዝኛ፣ «ኢዝ ዘ ማን አንግሪ?» አሉ።

ቀና አለች። የደንበኛ ትከሻ እንደምትለካ ፊታቸውን አየችው።

«ሂ ሉክስ አንግሪ» አለች። ቀጥሎ ያላሰበችው ወጣ። «በት ሂ ኢዝ ካይንድ።»

ቁጡ ይመስላሉ፣ ግን ደግ ናቸው ማለቷ ነው። የእህቷ ካውያ አየር ላይ ቀረ። ሰውየው ስለ ኮቱ ጠየቋት፣ መለሰች። ስለ ሥራዋ ጠየቋት፣ ያንንም መለሰች። ካውያው ትኩስ ነው፣ እህቴ ትቸኩላለች አለቻቸው፤ ዓረፍተ ነገሩን ስትሳሳት ራሷ ፈትታ እንደገና ታያይዛለች። መጨረሻ ላይ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«እንዲህ የሚናገሩ ከሆነ ያን ቀን ምን ነካዎት?»

«ያን ቀን በእጄ ክር አልነበረም።»

ሰውየው ሳቁ። «ስፌት ሲያስተምሩ ክር ከእጅዎ አይጠፋም። የቃል ፈተናዎን አሁን ጨርሰዋል፤ ነገ መጥተው ምስክር ወረቀትዎን ይውሰዱ።»

ወስውሴ እንባዋን በሜትሯ ጫፍ ጠረገች። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፣ አልፈለገችምም። እህቷ ደግሞ እንደ ልማዷ ቸኩላ፣ ልዝጋላቸው ብላ ኮቱን ከነቃላቱ ወደ መኪናው ጎተተችው።

«ዌይት!» አለቻት ወስውሴ ልታስቆማት።

ቃሉ ሳትወሰውሰው ነው የወጣው።