ሰማያዊው መርጫ

ሳጥኑን ወደ ፒካፑ ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች እጇ ባለበት ቀረ። የቲማቲም ችግኞቹ ጫፍ ተገምዷል። የታችኛው ቅጠል ደህና ነው፤ ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ግን እንደ ክር ተጠምዝዞ ቁልቁል ተቆልምሟል።

"እትዬ፣ ምን ገተረሽ? ገበያው እኛን አይጠብቅም እኮ!" አለ ታናሽ ወንድሟ መኪናው ላይ ሆኖ።

"አንድም ሳጥን እንዳትጭን።"

ወደ ላስቲክ ቤቱ ተመለሰችና መደርደሪያዎቹን ከበሩ ጀምራ አንድ በአንድ አየች። በሩ አጠገብ ያሉት ተገምደዋል። መሃል ያሉት ገና እየጀመራቸው ነው፤ ልብ ብሎ ላላየ ጤነኛ ይመስላሉ። ጥጉ ላይ ያሉት ብቻ ምንም አልሆኑም።

"ማዳበሪያውን ስትረጭ እስከ የት ደረስክ?" አለችው ተከትሏት ሲገባ።

"ጥጉ ጋ ስደርስ አለቀብኝ። ለእነሱ በጎማ ውሃ ብቻ ሰጠኋቸው። ምነው?"

"በየትኛው መርጫ?"

"በሰማያዊው ነዋ! ቀዩ ለአረም መድኃኒት፣ ሰማያዊው ለማዳበሪያ። ያደግንበትን ሕግ ዛሬ ልታስተምሪኝ ነው?"

ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። የሰማያዊውን መርጫ ክዳን ከፍታ አሸተተች። ከማዳበሪያው ሽታ ስር ሌላ፣ አፍንጫ የሚይዝ ሽታ አለ። አጠገቡ ቀዩ መርጫ እጀታው ተሰብሮ ተንጠልጥሏል።

አባቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"አባዬ፣ የአጥሩን ስር አረም በምን ረጩት?"

ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። "የቀዩ እጀታ ተሰበረብኝ። በዚህ ረጨሁ። ግን አጥቤዋለሁ፤ ደጋግሜ በንጹሕ ውሃ አጥቤዋለሁ።"

"በሳሙና?"

"ሳሙና? ሸሚዝ መሰለሽ እንዴ?" አሉ። ቀልዱ ግን መሃል ላይ ከዳቸውና ድምፃቸው ወረደ።

ወንድሟም ከኋላቸው ደርሶ ነበር። ቤተሰቡን ከጸደይ መግቢያ እስከ መጀመሪያው ፍሬ የሚያሻግረው ይህ ችግኝ ነው። ጓሮ ያለው የገበያው ደንበኛ ሁሉ ብርዱ እስኪያልፍ ጠብቆ ዛሬ ሊወስድ ይመጣል።

"በቃ፣ የተገመዱት ይቅሩ" አለ ወንድሟ። "የመሃሎቹ ግን ለዓይን ምንም የላቸውም። እንሽጣቸው።"

"ነገ ሲገመዱስ?"

"ብርድ መታቸው እንላለን። ዝም አይነቅዝም።"

"ዝም አይነቅዝም፤ ችግኙ ግን ይገመዳል። ያውም ሰው ጓሮው ወስዶ፣ ተክሎ፣ ኮትኩቶ፣ እኛን እያመሰገነ ሳለ።"

"እሺ፣ ምን እንብላ ታዲያ? ስማችንን እንቀቅለው?"

ሜዳው ላይ የበቀሉትን፣ መርጫው ያልደረሰባቸውን ሰላጣና ሽንኩርት ጫነች። የጥጉን ችግኞች አስከተለች። ከፒካፑ ግማሹ ባዶውን ቀረ። ወንድሟ ባዶውን ቦታ አየና መሬቱን በጫማው ጫፍ መታ።

ከዚያ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ "ቢያንስ አባዬ ይቅሩ" አላት። "ደንበኛችን ልብስ ሰፊዋ 'ችግኜስ?' ማለቷ አይቀርም፤ እሳቸው ደግሞ 'እኔ ነኝ ያበላሸሁት' ብለው ለገበያው ሁሉ ይዘረግፉታል። ያኔ ደህናዎቹንስ ማን ይነካልናል?"

ልክ ነበር። መርዝ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሰላጣውንም አልፎ ይሄዳል።

አባትየው ሰምተዋል። ለገበያ የለበሱትን ኮት አንዱን እጅጌ አውልቀው ነበር።

"እኔ ቤት ልዋል" አሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ። "ወገቤም ሲያመኝ ነው ያደረው።"

ወገባቸውን አሟቸው እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃል። ወንድሟ ሞተሩን አስነሳ።

እሷ ግን ወደ አባቷ ሄዳ የወለቀውን እጅጌ ያዘችላቸው።

"ይልበሱት አባዬ። እኔ ለደንበኞቹ ብነግራቸው ሰበብ ይመስላቸዋል፤ እርስዎን ያምናሉ።"

ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ ክንዳቸውን እጅጌው ውስጥ አስገቡ። የፊቱን በር ከፈተችላቸውና እሷ ከኋላ ወጥታ፣ ሰላጣው አጠገብ፣ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች።