የሱሀይላ መሸኛ ዱዓ

አርዋ መካነ ሰላም መናኸሪያ ላይ ከሚኒባስ ስትወርድ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መተኛት። ከቱርክ እስከ አዲስ አበባ ያለውን አውሮፕላኑ በአንድ ሌሊት ጨርሶታል። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ነው ልክ ያስገባት። መንገዱ ተዘጋ ተብሎ ደሴ አደረች፤ ተከፈተ ተብሎ ተነሥታ አቀስታ ላይ ዳግመኛ ተገተረች። የአቀስታ የነሐሴ ብርድ ደግሞ ለእንግዳ አያዝንም፤ እኔ እኮ በረዶ ሀገር ኖሬ ነው የመጣሁት ብትለው ማን ሰምቷት! ከመናኸሪያው እስከ አባቷ ቤት ያለውን ጭቃ ስትጨርስ እግሯን መታጠቢያ ውሃ እንኳ ለመጠየቅ አፏ ታከተው።

ሰው ግን መቼ ያስተኛል። አባቷ ሸህ ሀቢቡላህ ቁርኣን የሚያቀሩ፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ምክር የማይነፍጉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ገባች ሲባል ቤቱ ጢም አለ። ሦስት ዓመት ያላያት ሁሉ ጉንጯን እያገላበጠ እየሳመ «ማሻአላህ! አለፈልሽ!» ይላታል። የግድግዳ ጎረቤታቸው እማማ ድንቅነሽ የፍልሰታን ጾም ይዘው፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ በዚያው ገቡና አገጯን ይዘው አዩዋት። «ወላሂ ከስተሻል! ያ ሁሉ ዳቦ ባለበት ሀገር ምን ነክቶሽ ነው?» አሉ። ሰው ሣቀ። አርዋም አብራ ሣቀች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አርዋ የገዛ ኑሮዋን የሰማችው ያን ቀን ነው። ክፍሏን የምትጠርግላት ሠራተኛ አለቻት። አስተማሪዎቿ ያለሷ ትምህርት አይጀምሩም። ከሰልጁቅ ነገሥታት ዘር የሆነ ባለጸጋም ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ፣ እሷ «ትምህርቴን ሳልጨርስ» ብላ መልሳዋለች! ይህን ሁሉ ማን አወራው ብላ ዞር ስትል አባቷ ዓይናቸውን ወደ መቁጠሪያቸው ጣል አደረጉ። ሸህ ሀቢቡላህ ውሸታም አይደሉም፤ ይህን አካባቢው ይመሰክርላቸዋል። ጁምዓ ጁምዓ ይደውሉላታል። «ደህና ነሽ?» «አልሐምዱሊላህ።» «ትምህርቱስ?» «አልሐምዱሊላህ።» «ሰዎቹስ?» «አልሐምዱሊላህ።» ታዲያ ሌላ ምን ትበል? ቤተሰቡ በሙሉ ስልኩን ከብቦ ጆሮውን አቁሞ እየሰማ፣ አባት በዚያ ደስ ባለው ድምፅ እየጠየቀ፣ አልቅሼ ነው የዋልኩት ይባላል? ሆድ ይፍጀው ትላለች። አባትየው ያቺን አልሐምዱሊላህ ይዘው መስጊድ ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲጠይቃቸው ትንሽ ያክሉባታል፣ ሌላው ደግሞ ይጨምርባታል።

እውነቱ ከተባለ ማንም አልበደላትም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የሚከሰስ ሰው ቢኖር ይቀል ነበር። መኝታው ይሞቃል፣ የነጻ ትምህርቱ የኪስ ገንዘብ ቀኑን ጠብቆ ይገባል፣ አስተማሪው ሰዓቱን አያዛንፍም። ፋርማሲ ጠይቃ የምግብ ማቀነባበር ነው የደረሳት፤ እሱንም ለመደችው። ሁሉ አለ፣ ሰው የለም። መጀመሪያ የገባች ሰሞን ዳቦዋን ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና አብረዋት የሚኖሩትን ልጆች «እንብላ» ትላቸዋለች። «አፍየት ኦልሱን» ይሏታል፤ ይስማማሽ እንደማለት ነው፤ ክፋት የለበትም። ብለው ወደየስልካቸው ይመለሳሉ። አንዲት ቁራሽ እንኳ ለወግ አያነሡላትም። እያደር እንብላ ማለቱን ተወችው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ያደገች ልጅ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በላች።

እንዴት እዚያ ሄደች ቢባል፣ አመራረጡ እንደ ሁሉም ሰው ነው። አባቷ «አዛን የሚሰማበት ሀገር ነው» አሉ፤ ያ ለሳቸው በቂ ነበር። ለሷ የበቃት ደግሞ አብዱሰላም ነው። አብዱሰላም የማዶ መንደር ልጅ፣ ከነሱ ወገን ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ደውላ «እንዴት ነው?» ብትለው «ዩኒቨርሲቲው ጥሩ ነው፣ ነይ» አላት። ሄደች። ሻንጣዋን ፈትታ ሳትጨርስ እሱ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ እዚያው ሀገር ያለ ሌላ ትልቅ ከተማ ገባ። ብርዱ አጥንቷ ድረስ በገባ ጊዜ ደውላ «ለምን አልነገርከኝም?» ብላ ጮኸችበት። «ሰው ናፍቆኝ ነበር፣ አርዋ» አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲያ ስሙም ሲነሣ ደሟ ይፈላል።

እና ያን የመጣች ዕለት፣ እንግዳው ገና ሳይበተን፣ አክስቷ ኑርጃን እልል ብላ ገባች። የሸህ ሀቢቡላህ ታናሽ እኅት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ሱሀይላን ይዛ እዚያው አጥር ግቢ ነው የምትኖረው። «ለልጄም ነጻ ትምህርቱ ተሳካላት! ካንቺው ዘንድ! ስትመለሽ ይዘሻት ነው የምትሄጂው!» አለች። ሱሀይላም ከኋላዋ ዘላ አርዋ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

አርዋ ምን ተሰማት? ደስታ ነዋ! ያ ሁሉ የመንገድ ድካም ከላይዋ ላይ ሲገፈፍ ታወቃት። በዚያች ቅጽበት ሱሀይላን አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ ከዳቦው ላይ ስትቆርስላት፣ በአማርኛ አብረው ሰው ሲያሙ፣ በራሳቸው ቋንቋ ሲስቁ ታያት። አቅፋ ሳመቻት፤ ደግማ ሳመቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰው ሁሉ «አቤት ፍቅር!» አለ።

ከሦስት ቀን በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ሁለቱ ልጆች ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ፣ ሱሀይላ እጇን ከውሃው አወጣችና ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«አርዋዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ደሴ ነርስነት ደርሶኛል፤ ምዝገባው የፊታችን ሰኞ ያበቃል። እማዬ ቱርክ ነው የምትለው። እኔ ካንቺ አፍ ልስማ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ተይ ካልሽኝ ደሴ እሄዳለሁ።»

ይህች ልጅ ነርስነት የሚሆንላት ልጅ ናት። ከትንሽነቷ ጀምሮ የሰፈሩን ቁስል የምታጥበው፣ ክትባት ሊሰጥ የመጣን ሰው ቤት ለቤት የምታዞረው እሷ ናት። ቱርክ የደረሳት ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ነው። ምን እንደሆነ ጠይቃም አታውቅ።

«ነርስነቱንስ አትወጂውም?» አለቻት አርዋ።

«እወደዋለሁ እንጂ! ግን ደሴ ማን አለኝ? እዚያ አንቺ አለሽ። ያ የላክሽው ፎቶ ደግሞ፣ ፏፏቴው ጋ የቆምሽበት፣ ስልኬ ላይ አለ። ሁልጊዜ ነው የማየው።»

አርዋ ፎቶውን አስታወሰችው። የሚያነሣት ሰው አጥታ ስልኩን አጥር ላይ አስደግፋ፣ እየሮጠች ተመልሳ የቆመችበት ነው። ይህን ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ዩኒቨርሲቲው ጥሩ ነው» አለቻት።

የማን ቃል እንደሆነ ወዲያው ገባት። «ጥሩ ነው፣ ግን…» ለማለት ፈልጋ ነበር፤ ሱሀይላ ግን «አውቅ ነበር!» ብላ በደስታ ውሃ ረጨቻት። አርዋ ልብሱን ጨመቀችው፣ አሁንም ጨመቀችው። ወደ ቤት ወጣች። ቀኑን ሙሉ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። እንቅልፍ ግን እምቢ አላት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ለሱሀይላ መንገድ ዱዓ ተቀመጡ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው፤ ጫቱ ቀርቧል፣ እማማ ድንቅነሽም ነጠላቸውን ተከናንበው ጥጋቸውን ይዘዋል። ሸህ ሀቢቡላህ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰው ሁሉ ዘረጋ።

«ሀገራችንን ሰላም ያድርግልን!»

«አሚን!»

«የተዘጋውን መንገድ ይክፈትልን!»

«አሚን!» እዚህ ላይ ድምፁ በረታ፤ መንገድ ያላሠቃየው ሰው እዚያ ቤት የለማ።

ሱሀይላ መሀል ገብታ በጉልበቷ ተቀመጠች። ምርቃቱ በየተራ ወረደላት። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ አሚን። ሄደሽ ከመቅረት ይጠብቅሽ፣ አሚን። እማማ ድንቅነሽ «በሄድሽበት የሰው ፍቅር ይስጥሽ» አሉ፤ ቤቱ «አሚን» አለ። ይህ ምርቃት ለአርዋም ተመርቆላት ነበር። ሦስት ዓመት ጠበቀችው።

«አርዋ፣ አንቺስ?» አለች ኑርጃን በደስታ ተውጣ። «ያየሽው አንቺ ነሽ፣ የተሳካልሽም አንቺ ነሽ። ነይ፣ እጅሽን ጫኚባትና እንደኔ ያድርግሽ በያት!»

ወጉ ነው። የተሳካለት ሰው ያልተሳካለትን እንደኔ ያድርግህ ብሎ ይመርቃል፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም። አርዋ ግን ፈራች። በወሬ ሊዋሽ ይችላል፣ ወንዝ ዳር ሊዋሽ ይችላል። የሸህ ሀቢቡላህ ልጅ ሆና፣ እጅ በተዘረጋበት፣ ቤት ሙሉ ሰው አሚን ሊል በተዘጋጀበት እንዴት ተብሎ? ተንፏቃ ሄደች። መዳፏን ሱሀይላ ራስ ላይ ጫነች። ከሻሹ በታች የልጅቱ ራስ ሙቀት ተሰማት።

«እንደኔ…» አለችና ቆመች። ሰው ጠበቀ። «እንደኔ አያድርግሽ።»

«አሚን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

አፍ ለምዶ ነው፤ ጆሮ የደረሰው በኋላ ነው። የተነሣው ድምፅ ሳያልቅ ሁሉም ክው አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ መመለሻ የለውም።

«ምን አልሽ?» ኑርጃን ብድግ አለች። «ምን አልሽ አንቺ? ላንቺ ሲያልፍልሽ ስንት ዱዓ አደረግንልሽ! ለልጄ ሲሆን ቀናሽ?»

«አርዋ» አሉ አባቷ። «ልጄ፣ እኛ እኮ ዱዓ ላይ ነን።»

«አውቃለሁ አባ። እሱ ነው መዋሸት ያቃተኝ።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ማንም አልነካኝም። እበላለሁ፣ እለብሳለሁ። ስሜን የሚጠራኝ ሰው ግን የለም። ከጁምዓ ስልካችሁ ወዲያ አንድ ቃል ሳልናገር ነው ሰኞ ክፍል የምገባው። ደክሞኛል አባ። ሦስት ዓመት አልሐምዱሊላህ እያልኩ ደክሞኛል።»

«እና ይኸው ልጄ ሰው ልትሆንሽ ልትሄድ አይደለም?» አለች ኑርጃን። ንግግሯ ቁጣ ነው፣ ድምፅዋ ግን ልመና ሆነባት። «ሰው የለኝም ካልሽ፣ ልጄን ሰጠሁሽ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?»

«እኔም እሱኑ ነው የፈለግሁት አክስቴ። ወላሂ ፈልጌያለሁ! ሱሀይላ ትምጣልኝ ብዬ ነው ወንዝ ዳር ‹ጥሩ ነው› ያልኳት። እኔ ግን በዓመቱ ጨርሼ እወጣለሁ። እሷ ትቀራለች። ከዚያ እሷም ሰው ይናፍቃታል፤ ደውላ የአንዱን ልጅ ነይ፣ ጥሩ ነው ትላለች።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ እሷም ለመላክ የምታስባትን ልጇን ሳብ አድርጋ አስጠጋቻት። ሸህ ሀቢቡላህ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው፤ ማጠፉን ረስተውታል። በየመስጊዱ ደጃፍ የተናገሩት ሁሉ ፊታቸው ላይ ተነበበ። ወደ እኅታቸው ዞሩ።

«ኑርጃን፣ የተባለውን ሰምተሻል። አሚን ብለናል፤ አንቺም ብለሻል። ልጅቱ ደሴ ትሂድ።»

ኑርጃን ተቀመጠች። ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ሱሀይላ እስካሁን ቀና አላለችም። አሁን ቀና አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። መቆጣት የምትፈልግ ትመስላለች፤ ግን አልሆነላትም።

«አንቺስ?» አለቻት። «አንቺም ትቀሪያለሽ?»

«አንድ ዓመት ነው የቀረኝ። ጀምሬዋለሁ እኮ፣ ሱሀይላ።»

«ብቻሽን?»

አርዋ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገች።

ሱሀይላ ከተቀመጠችበት መሀል ተነሣች። አርዋን በሁለት ትከሻዋ ይዛ ቁልቁል ተጫነችና በራሷ ቦታ አስቀመጠቻት። ወደ ሸሁ ዞራ «የምትሄደው እሷ ናት» አለች። «ዱዓውን ለሷ አድርጉላት።»

ሸህ ሀቢቡላህ ልጃቸውን አዩ። ስንቱን መንገደኛ መርቀው የሸኙ ሰው ናቸው፤ ይቅናሽ ሊሉ አሰቡ፣ የሰው ፍቅር ይስጥሽ ሊሉ አሰቡ፣ ሁሉም ከዚህ ቀደም ያሉት ሆነባቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ያ ረቢ» አሉ። ሰው ጠበቃቸው፤ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣቸውም። እጃቸው ግን እንደተዘረጋ ነው፣ ከጢማቸው ላይ እንባ ይንጠባጠብበታል።

እማማ ድንቅነሽ ከጥጋቸው ቀድመው «አሚን» አሉ። ቀስ ብሎ፣ አንድ ባንድ፣ ቤቱም «አሚን» አለ።