ግራዢና ያስተረጎመችው ቃል

ግራዢና በፖላንድ ጠረፍ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ጀርመንኛ ታስተምራለች። በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ተማሪዎቿን አሳፍራ ድንበር ትሻገርና፣ ሐይቅ ዳር ባለ የወጣቶች ማረፊያ ከጀርመን ልጆች ጋር አንድ ሳምንት ታሰነብታቸዋለች። ወጪውን የሚችለው ሁለቱ መንግሥታት ለወጣቶች ልውውጥ ያቋቋሙት ድርጅት ነው። ያ ድጎማ ባይኖር ከልጆቹ አብዛኞቹ ከከተማቸው ወጥተው አያውቁም ነበር።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠንከር ብሏል። ድጎማው ይቀጥል አይቀጥል የሚወስነው አካል ወይዘሮ ሉደርስ የሚባሉ ሴት ልኮ ነበር። በመጨረሻው ቀን መጥተው ልጆቹን ራሳቸው ሊያናግሩ ነው።

ወይዘሮዋ ጠዋት ደረሱ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁጭ አሉና፣ "እኔ ሪፖርት አንብቤ ሰልችቶኛል፤ እስቲ እናንተ ንገሩኝ" አሉ። ልጆቹ ወንበራቸውን ክብ አድርገው ተቀምጠዋል፤ የፖላንዶቹ በአንድ ወገን፣ የጀርመኖቹ በሌላው። የጀርመኖቹ መሪ ሄኒንግ፣ "ቅልቅል በሉ እንጂ" ቢላቸው ሁለት ሦስት ልጆች እየተጎተቱ ቦታ ለወጡ፤ ሌላው ንቅንቅ አላለም።

የፖላንዶቹ ልጆች በቋንቋቸው ይናገራሉ፣ ግራዢና ታስተረጉማለች። ማስተርጎም ይሆንላታል። አንዱ ስለ ታንኳው አወራ፣ አንዷ ስለ ዳንሱ። ወይዘሮዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ ተራው ኪንጋ ጋ ደረሰ።

ኪንጋ ዝምተኛ ናት። እናቷ ጀርመን አገር ሽማግሌ እያስታመመች፣ ትርፍ ጊዜዋንም የሰው ቤት እያጸዳች የምትኖር፣ ለገናና ለፋሲካ ብቻ አገሯ የምትገባ ሴት ናት። ልጅቱ ቀና ብላ ወይዘሮዋን እያየች፣ በፖላንድኛ እንዲህ አለች፦

"የመጀመሪያው ቀን ደስ ይል ነበር። በማግስቱ እራት ላይ ከጀርመኖቹ አንዱ፣ ቶርበን፣ 'ከእናንተ ውስጥ የእኛን ሽንት ቤት የምታጥበው የማን እናት ናት?' አለን። ሳቁብን። ከዚያ ወዲህ እኛ የምንበላው ለብቻችን ነው። መሪዎቻችንም አይተዋል፤ ምንም አላሉም።"

ጀርመኖቹ ቃሉ ባይገባቸውም ቶርበን ስሙን ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ግራዢና አፏን ስትከፍት ምን እንደምትል ገና አላወቀችም ነበር። ምላሷ ግን ቀደማት።

"መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተፋፍረን ነበር ነው የምትለው። እራት ላይ ያልተግባቡበት ቀልድም ነበር። አሁን ግን እንደ አንድ ቤት ልጆች ሆነናል ነው የምትለው።"

ወይዘሮ ሉደርስ ወዲያው ራሳቸውን አልነቀነቁም። "ቶርበን የሚል ስም የሰማሁ መሰለኝ" አሉ።

"አዎ፣ እ... ቀልዱን ያመጣው እሱ ነው።"

ሴትዮዋ ወደ ኪንጋ ዞሩ። በዝግታ፣ ለልጅ እንዲገባ አድርገው በጀርመንኛ ጠየቋት። "የኔ ልጅ፣ ያልሽው ይህንን ነው?"

ኪንጋ ከክፍሏ በጀርመንኛ የሚስተካከላት የለም። ግራዢና ያለችውን አንድ በአንድ ሰምታዋለች። መምህሯን አየቻት። ስህተት በሌለው ጀርመንኛ፣ "አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው። ቲቸር በደንብ አስተርጉመውታል" አለች።

"ጀርመንኛሽ እንዴት ያምራል!" አሉ ወይዘሮዋ ፊታቸው ፈካ ብሎ። ወደ ግራዢናም ዞረው፣ "ይሄ የእርስዎ ድካም ነው፤ ሊኮሩ ይገባል" አሏት።

ግራዢና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። የቀሩትን ልጆች ቃል እንዴት እንዳስተረጎመች ኋላ ብታስበው አንዱም ትዝ አላላትም።

ስብሰባው ሲበተን ሄኒንግ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። "አወጣሽን" አላት በሹክሹክታ። ያ እራት በተበላበት ቀንም ሁለቱ በረንዳ ላይ ሆነው ሳቁን ሰምተው ነበር። ያኔ፣ "ልጆች ናቸው፤ ነገ ይረሱታል። ሴትዮዋ ሊመጡ ነው፣ አሁን ነገር ባንቀሰቅስ ይሻላል" ብሏት ነበር፤ እሷም እሺ አለች። እሺ ያለችው ግን ለድጎማው ብላ ብቻ አልነበረም። ተማሪ ሳለች አንድ ክረምት ሙሉ በጀርመኗ ሉቤክ ከተማ የሰው ቤት አጽድታለች። ለተማሪዎቿ ስታወራ፣ "ቋንቋ ልማር ሄጄ" ነበር የምትለው። የቶርበን ጥያቄ እሷንም ነክቷታል፤ ተነሥታ ብትገሥጸው ገመናዋ ፊቷ ላይ የሚነበብባት መስሏት ነበር።

ግራዢና መኝታ ክፍሉ ስትገባ ኪንጋን የአልጋ ልብስ ስትገፍፍ አገኘቻት።

"ለምን አዎ አልሽ?" አለቻት።

"ይተዉት ቲቸር።"

"ኪንጋ፣ ለምን?"

"ታዲያ ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላዋርድዎት?" ትራሱን ከልብሱ እያወጣች፣ ቀና ሳትል ነው የምትናገረው። "ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተራው የእህቴ ነው። ከአሁኑ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። በዚያ ላይ ለምጄዋለሁ። እናቴም ስትደውል፣ 'የአንድ ሽማግሌ ደብዳቤ ነው የምጽፍላቸው' ነው የምትለኝ። እሷም እንደ እርስዎ ታስተረጉማለች።"

ግራዢና ወደ ግቢው ስትወጣ ወይዘሮ ሉደርስ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሞተር አስነሥተዋል። መስኮቱን አንኳኳች። ሄኒንግ ከበሩ ላይ ያያታል።

"ልጅቷ ያለችው ሌላ ነው" አለች። ከዚያም የኪንጋን ቃል አንድም ሳታስቀር፣ ሽንት ቤቱንም፣ መሪዎቹ ዝም ማለታቸውንም፣ በጀርመንኛ ደገመችው።

ወይዘሮዋ ሞተሩን አጠፉ። "ልጅቷስ ለምን አዎ አለችኝ?"

"ለእኔ አዝና።"

"አሁን ለምን ይነግሩኛል?"

"ልጅ ለእኔ ብላ ስትዋሽ ዝም ብዬ ቆምኩ።"

ሴትዮዋ አላመሰገኗትም፣ አልገሠጿትምም። "እንግዲህ ይህን መጻፍ አለብኝ" አሉ፤ ኪንጋንም ሊያናግሯት ወረዱ። ኪንጋ ግን እምቢ አለች። "አንዴ ተናገርኩ፤ በቃኝ። ደግሞ ሰው ፊት ላቁምሽ አትበሉኝ" ብላ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። ሄኒንግ እንኳን ሊሰናበታት ግራዢናን ቀና ብሎም አላያትም።

መልሱ በመከር ወራት መጣ፤ የሚቀጥለው ዓመት ድጎማ ታግዷል። ወላጆች ስብሰባ ጠርተው፣ "ምን አድርገሽ ነው?" አሏት። የኪንጋን ስም ሳትጠራ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሉቤክ ላይ የሰው ቤት ማጽዳቷንም ጨመረች። ከኋላ አንዲት እናት፣ "እና እኛስ? ግማሻችን ያንኑ አይደል የሠራነው" አለቻት። "አፍሬብሽ የማላውቀውን አሁን አፈርኩብሽ። በሥራሽ አይደለም፤ በመደበቅሽ ነው።" ሌላውም ከዚህ የከፋ ተናገራት። የኪንጋ እህት በሚቀጥለው ዓመት አልሄደችም።

ኪንጋም እስከ ዓመቱ ማለቂያ በክፍል ውስጥ እጇን አላወጣችም። ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ ጨዋ ናት። ለገና ሰሞን ግን እናቷ ከልጇ ጋር ገበያ ላይ ግራዢናን አገኘቻት። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ፣ "እኔም ደብዳቤ እንደማልጽፍ ነገርኳት" አለች ሴትየዋ፣ የዓሣውን ከረጢት ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረች። "ታውቅ ነበር ለካ። ሁለታችንም ስናፍር ከረምን።" ኪንጋ ሌላ አቅጣጫ ታያለች። ግራዢና ወደ ኪንጋ ዞራ፣ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት። ልጅቱ፣ "እሺ ቲቸር" አለች፤ እሺ ማለቷ ግን ይቅር ማለት እንዳልሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል።

በሁለተኛው ዓመት ድጎማው ተቀንሶ ተመለሰ፤ አስተርጓሚው ከውጭ ይምጣ የሚል ትእዛዝም ታከለበት። ግራዢና ልጆቹን ለመጠበቅ ብቻ አብራ ሄደች። በመጨረሻው ቀን ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣ የአንድ እንግዳ ወጣት ትርጉም አዳመጠች። የኪንጋ እህት ተነሥታ፣ ሳምንቱ ጥሩ እንደነበረ፣ ግን መሪዎቹ ልጆችን ከመስማት ይልቅ ፎቶ ማንሣት እንደሚያበዙ ተናገረች። ወጣቱም ሳይጨምር ሳይቀንስ አስተረጎመው። ሰዉ ዞሮ ግራዢናን አየ። ፊቷ ቢግልም ከወንበሯ አልተነሣችም፤ አንገቷንም አልደፋችም።