ሙቀት የማይችል ዘር

እሷ በምትሠራበት ቤተ ሙከራ አንድ ወግ አለ። አለቃ አላዘዘውም፤ ማን እንደጀመረውም የሚያውቅ የለም። የዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተመርምሮ ካለፈ በኋላ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ሠራተኞቹ ራሳቸው በየአፍንጫቸው ይነፉታል። «ያበሰለ ይቅመስ» ይባባላሉ። የገዛ ሥራውን የሚፈራ ሰው ለሌላው ምን ብሎ ይሰጣል? እሷም በየዓመቱ ከፊት ትሰለፍ ነበር፤ ዘንድሮም ተሰለፈች። ምነው ያን ቀን እግሯን በሰበረው!

ክትባቱ ሕያው ነው፤ ግን የተዳከመ። ቫይረሱን በእንቁላል ውስጥ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ቅዝቃዜውን እየጨመሩ ያሳድጉታል። ብርዱን እየለመደ ሲሄድ ጥቂት የዘሩ ፊደላት ይለወጡና ሙቀት መቋቋም ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ ቀዝቀዝ ባለው አፍንጫ ውስጥ ይራባል እንጂ ሞቃቱ ሳንባ አይሆነውም። የኢንፍሉዌንዛ ዘር ስምንት ቁራጭ ነው፤ ስድስቱን ከዚህ ብርድ ካሳደገው እናት ዘር፣ መልኩን የሚሰጡትን ሁለቱን ደግሞ በዓመቱ ከሚዞረው በሽታ ይወስዳሉ። መልኩ የወንበዴ፣ ጉልበቱ የጨቅላ ይሆናል። የእሷ ሥራ ስድስቱን ቁራጮች እያነበበች፣ ከተለወጡት ፊደላት አንዱም ወደ ድሮው አለመመለሱን ማረጋገጥ ነው። በዚህ ቀልድ አታውቅም። እህቷ ግን «በረዶዬ» ብላ ስም አውጥታላት፣ «ደመወዝ የሚከፍሉሽ ጉንፋን ለማስበረድ ነው?» እያለች ትስቅባት ነበር።

ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ጥላ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ታናሿን ያስተማረችውም እሱን እየረገጠች ነው። አምና የደም ካንሰር ያዛት። ዘንድሮ የታመመው መቅኔዋ በመድኃኒት ተጠርጎ በምትኩ የታናሿ መቅኔ ተሰጣት። «እኔ ፊደል አስቆጠርኩሽ፣ አንቺ ደም ሰጠሽኝ፤ ማን ማንን እንደወለደ ጠፋኝ እኮ!» አለችና ነርሶቹን ሁሉ አሳቀች።

አዲሱ መቅኔ እስኪይዝ ድረስ ግን በሽታ የሚከላከል ነጭ የደም ሕዋስ የላትም። ዙሪያውን የተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገቧትና ሐኪሙ ወሩ እስኪያልቅ ጠያቂ ከለከለ። ታናሿ ክትባቱን የነፋችው ይህን ተማምና ነው። ሕያው ክትባት የወሰደ ሰው እንዲህ ካለ በሽተኛ አንድ ሳምንት መራቅ አለበት፤ ወሩ እስኪያልቅ ደግሞ ሳምንቱ ያልፋል። ሒሳቡ ልክ ነበር። ማን ጠንቋይ ነው?

ክትባቱን በነፋች ማግስት ስልኳ ጮኸ። ሐኪሙ ነው።

«ሳንባዋ ኢንፌክሽን ይዟል» አላት። «መቅኔው መያዝ ጀምሯል፤ ተስፋ አልቆረጥንም። ግን አንቺን ትጠራለች። ፈቅጃለሁ፣ ነይ።»

በሩ ላይ ነርሷ የመከላከያውን ልብስ ይዛ ጠበቀቻት። ሳል አለሽ? የለኝም። ትኩሳት? የለኝም።

«በዚህ ሳምንት የወሰድሽው ክትባት አለ?»

መከተቧን ከሥራ ባልደረቦቿ በቀር ማንም አያውቅም። «የለም» ብትል በሩ ይከፈታል። ይህን ዘር እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች፤ ሳንባ ውስጥ አቅም የለውም። ግን ሌላውንም ታውቃለች። ቫይረስ ራሱን በገለበጠ ቁጥር ይሳሳታል። ጤነኛ ሰውነት የድሮ ፊደሉን ሳያገኝ ጠራርጎ ያስወጣዋል፤ የእህቷ ሰውነት ግን ዘበኛ የሌለው ቤት ነው፤ እንዳሻው ሲገለበጥ ይከርምበታል። ጉልበቱ ይመለስ ይሆን? ምናልባት አይመለስም። ሃያ ዓመት ስትሠራ ግን «ምናልባት» ብላ ያሳለፈችው አንድም ነገር የለም።

«ወስጃለሁ» አለች። «ትናንት። ሕያው ነው፤ በአፍንጫ የሚነፋው።»

«ውይ፣ እህቴን!» አለች ነርሷ፤ ልብሱንም መልሳ አጠፈችው።

በመስታወት ተለያይተው በስልክ ተነጋገሩ። እህቷ ፀጉሯ ረግፎ፣ ፊቷ ከስቶ፣ ዓይን ብቻ ሆናለች።

«በረዶዬ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ እንጂ!»

«አልችልም፣ እታለም። ክትባቱን ወስጃለሁ።»

«የቱን? የድመት ግልገል እንኳ አይጎዳም ያልሽኝን?»

«እሱን።»

«ታዲያስ?»

«አንቺን ይጉዳ አይጉዳ አላውቅም።»

«አንቺ ልጅ፣ እየፈራሁ ነው» አለች እህቷ። ይህን ቃል ከአፏ ሰምታ አታውቅም። «ግቢና እጄን ብቻ ያዢኝ።»

«ትድኛለሽ፤ ሐኪሙ መቅኔው መያዝ ጀምሯል ብሏል። ሳምንቱ ይለፍና ካጠገብሽ አልነሳም።»

እህቷ አተኩራ አየቻት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መስታወቱን ብትመታ፣ ስሟን ብትጠራ፣ አልዞረችም። ከሞት ይልቅ የሚያንገበግበው ይኸ ነው፤ ያሳደገቻት እህቷ ተቀየመቻት።

ሥራዋን ትታ በየቀኑ እየሄደች ከመስታወቱ ፊት ቆመች። እህቷ ግን ኦክስጅን ተገጥሞላት እንቅልፍና ሰመመን ውስጥ ነበረች፤ ቅያሜዋን እንደያዘች ይሁን፣ ትታው ይሁን፣ መጠየቂያ አልተገኘም። ሳምንቱ ሳይሞላ አንድ ማለዳ ስትደርስ ነርሷ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ቆማለች።

«ግቢ» አለቻት።

«ልብሱስ? ጭምብሉስ?»

ነርሷ ዓይኗን ሰበረች። «አሁን አያስፈልግም፣ እህቴ። ግቢ።»

በለበሰችው ልብስ እንዳለች ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቀዘቀዘውን የእህቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እታለም» አለቻት፤ «ገባሁ እኮ።»