ለምስጋና የተጠራ ወላጅ

፩

አባቷ በጥፊ መቷት።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ዘበኛው እያየ፣ ገና ማንም አንዲት ቃል ሳይነግራቸው። ልጅቱ አላለቀሰችም። ሻሿን አስተካክላ ሰልፉ ውስጥ ገባች።


፪

ከመሃል መጀመሬን አውቃለሁ። ለእኔም የተነገረኝ ከዚሁ ተጀምሮ ነው።

አባትየው አቶ ይማም ይባላሉ፤ ከኮምቦልቻ መውጫ ላይ የከባድ መኪና ጎማ የሚጠግኑ ጎሚስታ ናቸው። ልጅቱ ዘምዘም ናት፤ አምስተኛ ክፍል። በዚያ ጠዋት ወላጅ ያስጠራችው የክፍሏ አስተማሪ ይታይሽ ናት፤ እኔም እዚያው ሒሳብ አስተምራለሁ። ይታይሽ አባትየውን የጠራቻቸው ልጃቸውን ልታመሰግንላቸው ነበር።

ምስጋና።


፫
ይታይሽ ከስልጠና ይዛው የመጣችው

ዱላውን አስቀምጪ። ልጅ ሲያጠፋ የሚያይ ዓይንሽ ደግ ሲሠራም ይየው። ያየሽውን ለይተሽ ንገሪው፤ “ጎበዝ” ብቻ አይበቃም፣ ምን ስላደረገ ጎበዝ እንደተባለ ይወቅ። ወላጅ ለጥፋት ብቻ አይጠራ።

የመጨረሻዋን በጣም ወደደቻት። ወላጁ ይህን ስልጠና እንዳልወሰደ የሚያስታውስ ግን አልነበረም።


፬
ዘምዘም ምን ታጠፋ ነበር

ዴስክ ትመታለች። በጣቷ፣ በመዳፏ፣ አንዳንዴ በክርኗ። ሳትጠየቅ ትመልሳለች፤ ስትጠየቅ ዝም ትላለች። የአምናው አስተማሪዋ ጣቶቿን በማስመሪያ ገርፏቸዋል። ጣቶቹ አልሰሙም። ርዕሰ መምህሩ አቶ መኩሪያ ዘንድሮ “አንድ ጥፋት ብትጨምር ትሰናበታለች” ብለዋል።

ይታይሽ መጀመሪያ የሞከረችው በክፍሉ ፊት ነበር። “ዛሬ ዘምዘም እጇን አውጥታ፣ ተራዋን ጠብቃ ስለመለሰች እናጨብጭብላት” አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ዘምዘም፦ ቲቸር፣ ሙድ አይያዙብኝ።
ይታይሽ፦ የምሬን ነው።
ዘምዘም፦ ሙድ የሚይዝ ሰውም እንደዚያ ነው የሚለው።


፭
ዘምዘም ምን ሠራች

ሉባባ የምትባል ልጅ አለች፤ ስታነብ ትንተባተባለች። ተራዋ ደርሶ ተነሳችና “ወ፣ ወ፣ ወ” ላይ ቀረች። ከኋላ አንዱ ድምፁን እሷን አስመስሎ “ወ፣ ወ” አለ። ተሳቀ።

ዘምዘም ዴስኩን በመዳፏ ድው አደረገችው። ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ በሁለት ጣቷ ቀስ እያለች መምታት ጀመረች። ኳ። ኳ። ኳ።

“በዚህ ሂጂ” አለቻት።

ሉባባ ምቱን ተከትላ ሄደች። ወን። ዙ። ሲ። ሞ። ላ። እስከ አንቀጹ መጨረሻ ድረስ።

ይታይሽ በክፍሉ ፊት ምንም አላለችም፤ የዚያን ቀኑን ሳቅ አልረሳችውም። ከደወል በኋላ ልጅቱን ለብቻዋ ጠራቻት።

“ለሉባባ ያደረግሽውን አይቻለሁ። እኔ ያልቻልኩትን ነው የቻልሽው። ነገ ወላጅ አምጪ።”

“ምን አጠፋሁ?”

“ምንም። ለመልካም ነው።”

“ለመልካም ወላጅ አይመጣም፣ ቲቸር።”

“ይመጣል” አለቻት ይታይሽ።


፮
ወላጅ አምጪ

እነዚህ ሁለት ቃላት በእኛ አገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያላቸው። አቶ ይማምም በዚያው ትርጉማቸው ሰሟቸው። ልጃቸው “ለመልካም ነው ብላኛለች” ስትላቸው፣ ከጥፋቱ ይልቅ ውሸቱ አናደዳቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ አስተማሪዋ ከግቢው ውስጥ ወደ እነሱ ስትመጣ አዩ። ክሱ ከመሰማቱ በፊት ልጁን የቀጣ አባት ሆነው መታየት የፈለጉ ይመስለኛል። ይመስለኛል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አልነገሩኝም።

ይታይሽ ደርሳ የጠራችበትን ምክንያት ነገረቻቸው። የሉባባን ነገር፣ የዴስኩን ነገር፣ ሁሉንም። አቶ ይማም የመቱበትን እጅ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

“ታዲያ በስልክ አይነግሩኝም ነበር?” አሉ።


፯
ከዚያ በኋላ

ዘምዘም ጨዋ ሆነች።

እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። አቶ መኩሪያ በመስኮት አይተው “ይኸው ተሳካልሽ! እንዴት አድርገሽ ገራሻት?” አሏት ይታይሽን። ሉባባ ተራዋ ሲደርስ “አሞኛል” ማለት ጀመረች።

ይታይሽ አስተማሪዎች ማረፊያ አጠገቤ ተቀምጣ፣ “እንዲህ ጸጥ ያለ ክፍል ኖሮኝ አያውቅም። መግባቱ አስጠላኝ” አለችኝ።


፰
ጎሚስታው ጋ (እሷ እንደነገረችኝ)

ይታይሽ፦ ልጅዎ ዝም ብላለች።
አቶ ይማም፦ ጥሩ አይደል?
ይታይሽ፦ አይደለም።
አቶ ይማም፦ እናንተ ሰዎች ምን እንደምትፈልጉ አይታወቅም። ስትረብሽ ትጠሩኛላችሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ ትመጡብኛላችሁ።
ይታይሽ፦ እውነትዎን ነው። ያን ቀን እኔ ነበርኩ መምጣት የነበረብኝ። እሷንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።
አቶ ይማም፦ ልጅን?
ይታይሽ፦ ልጅን።
አቶ ይማም፦ ምን አለች?
ይታይሽ፦ “እርስዎ አልመቱኝም” አለችኝ።

(አቶ ይማም ጎማ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋሉ። አረፋው እጃቸው ሥር እየወጣ ነው። መፈለጋቸውን አያቆሙም።)

አቶ ይማም፦ አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይተው ያውቃሉ?
ይታይሽ፦ አላየሁም።
አቶ ይማም፦ እኔም።


፱
መጨረሻውን ቀድሜ ልንገራችሁ

ዘምዘም አልተባረረችም። ዴስክ መምታቷንም፣ ሳትጠየቅ መመለሷንም እንደገና ጀመረች። ሉባባ በምቱ ታነባለች፤ ቀና በሆነላት ቀን ያለ ምቱም። አቶ መኩሪያ “ጫጫታው ቢሮዬ ድረስ ይሰማል” እያሉ ያማርራሉ። ይታይሽ ምስጋና ሲኖራት ራሷ ወደ ወላጁ ትሄዳለች፤ ደጃፍ ላይ ገና ሳትቀመጥ “ደግ ነገር ነው” ብላ ትጀምራለች።

ይህ ሁሉ የሆነው ከአንድ ሐሙስ በኋላ ነው። ሐሙስን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ውስጡን ስለማላውቀው ነው።


፲
ሐሙስ፣ የእረፍት ሰዓት

አቶ ይማም ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነበር፤ ጥፍሮቻቸው ሥር ያለው ጥቁር ግን አልለቀቀም። ይታይሽ ዘምዘምን ክፍል ውስጥ አስቀረቻት፣ እሳቸውን አስገባች፣ በሩን ዘግታ ወጣች።

እኔና እሷ ግቢው ውስጥ ቆመን በመስኮት የሚታየውን ያህል አየን። ለአምስተኛ ክፍል ልጅ የተሠራ ወንበር ውስጥ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ጉልበታቸው አልገባ አለ። ዘምዘም ወደ ሰሌዳው ታያለች። እሳቸውም ወደ ሰሌዳው አዩ። ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም።



ከዚያ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን። ትንሽ ነው የተናገሩት። ልጅቱ ዞራ አየቻቸው።

ይታይሽ አባቷ ምን እንዳሏት ዘምዘምን ጠይቃት አታውቅም። እኔ ጠይቄያታለሁ። “የኔ ነው” አለችኝ።

ስለዚህ ቀጣዩን ቁጥር እናንተ ሙሉት። አባት ወይም እናት ያልሆናችሁ ትኖራላችሁ። ልጅ ያልነበረ ግን የለም።


፲፩

“ዘምዘም፣ ልጄ፣




                                        ”