ከጣፋጩ ውሃ በታች

ግርማቸው በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ «ኢንጂነር» ሳይባል ስሙ የሚጠራበት ቀን የለም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከገባ ጀምሮ ሥራው አዛውንቶችን በቫን ከቤታቸው ወደ ክሊኒክ ማመላለስ ነው፤ ቢሆንም ሐበሻ አንዴ የሰጠውን ማዕረግ መልሶ አይወስድም። ዘንድሮ ደግሞ ማዕረጉ ሥራ አገኘ። ቤተ ክርስቲያኑ በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላለች አንዲት ትንሽ መንደር የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ተነሥቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው የቁፋሮውን ፕላን ዘርግቶ የኢንጂነሩን ፊርማ ይጠብቃል።

ሐሳቡ የአሥራት ነበር። አሥራት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ልቡ የዋህ፣ ግን አንዴ የያዘውን የማይለቅ የወሎ ደገኛ ነው። በአፍላነቱ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር በእግሩ ሲጓዝ እዚያች መንደር ደጃፍ ላይ ወድቆ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ከቦቴ ተሰልፈው ከሚቀዱት ውሃ ሦስት ቀን አጠጥተው አስነሥተውታል። ይህን በመሰከረበት እሑድ ምእመኑ በሙሉ አለቀሰ። ግርማቸውም አለቀሰ፤ የሱ ለቅሶ ግን ሌላ ነበር።

ያንን ዳርቻ ያውቀዋል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ቆፋሪ ድርጅት ተቀጥሮ፣ ከዚያች መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ ሌላ መንደር ጉድጓድ አስቆፍሯል። ሰዎቹ በእጃቸው የቆፈሯቸው አሮጌ ጉድጓዶች ነበሯቸው፤ የሁሉም ጥልቀት እኩል ነው። ማሽኑ ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዞ «አቁም፣ በቃ፣ አባቶቻችንም እዚህ ነው ያቆሙት» ብሎት ነበር። ግርማቸው ግን የደጋ ልጅ ነው፤ በሱ አገር ውሃ ሲያንስ ያለው መላ አንድ ነው፣ ወደ ታች መጨመር። አርባ ሜትር አወረደው፤ ትልቅ ፓምፕም ተከለበት። ውሃው ፏ ብሎ ወጣ፣ ፍየል ታረደለት። በአራተኛው ወር ጨው ሆነ። ቀጥሎ አሮጌዎቹ ጉድጓዶችም ጨው ሆኑ፤ ሰዉ ዕቃውን በግመል ጭኖ መንደሩን ለቀቀ።

ይህን የሰማው አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዲቪ ደረሰውና ሪፖርቱን እንኳ ሳይጽፍ ሄደ። ለሚስቱ ለሉሉ አልነገራትም። ለጌታም ቢሆን በጸሎት የነገረው ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አሥራትና ስመኝ ቀድመውታል። የኮሚቴው ጸሐፊ ስመኝ ከምትኖርበት ከሉዊስ ሴንተር ዶናት ይዛ መጥታለች። ነርስ ናት፤ ወረቀት ስትዘረጋ እንኳ በሽተኛ የምታስተኛ ትመስላለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሳይን ያድርጉልን» አለችው። «ሰባ ሜትር ነው። የሚቆፍረው ድሪለር ሃምሳ ብሎን ነበር፤ ወንድም አሥራት ነው ያስጨመረው።»

«ከተቆፈረ አይቀር!» አለ አሥራት። «እኛ አገር እኮ ጋሼ፣ ውሃ ሲጠልቅ ነው የሚጠራው።»

ግርማቸው እስክሪብቶውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ያን ጊዜ የሱ አፍ የተናገረውን ነው አሁን ከአሥራት አፍ የሚሰማው።

«ሰባ አይሆንም» አለ። «እዛ ደጋ አይደለም፣ ባሕር ዳር ነው። ከመሬቱ ሥር ያለው ጣፋጭ ውሃ በጨዉ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው፤ ቅባት ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፈው በይው። ከላይ ከላይ ቀስ እያልሽ ከጨለፍሽ ቅባቱ ነው የሚወጣልሽ። ጭልፋውን ወደ ታች ከሰደድሽው ግን ወጡን ታመጪዋለሽ። ጨዉ አንዴ ከመጣ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።»

አሥራት ፊቱ ተለዋወጠ። «ድሪለሩ ይሄን አያውቅም?»

«እሱማ የጠየቁትን ይቆፍራል።»

«እርስዎ ግን እንደዚህ ሹር የሆኑት በምንድን ነው? ቡክ ላይ አለ?»

«ቡክ ላይ አለ» አለ ግርማቸው። መጽሐፍ ላይማ አለ። እሱ ግን ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም፤ ይህን በማለቱም በራሱ አፈረ።

ስመኝ ክርክር አትወድም። «ለምን ሐመዱን ኮል አናደርገውም? እዛ አሁን ከሰዓት ነው» አለችና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው መሃል አኖረችው። ሐመዱ የመንደሯ ተጠሪ ነው። ከወደብ አዲስ አበባ ለዓመታት ከባድ መኪና ስለነዳ አንቱታ የማያውቅ የሹፌር አማርኛ አለው።

«ሰባ?» አለ ሐመዱ ሲነግሩት። «ሰባ አይሆንም።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከንም?» አለች ስመኝ።

«ጥልቀቱን መች ጠየቃችሁኝ? እኛ ይሄን ነገር አይተነዋል። ጎረቤት መንደር ከናንተ አገር አንድ መሐንዲስ መጣ። አቁም ሲሉት ወረደ ወረደና ባሕሩን ጠራባቸው። ሰዎቹ አሁን እኛ ጋ ነው ያሉት። ሚስቴ ከነሱ ናት። አቁም ያለውም አባቷ ነው።»

«በጌታ ስም! ምን ዓይነት ኢንጂነር ነው?» አለ አሥራት፤ ድጋፍ ፍለጋ ወደ ግርማቸው ዞረ። ግርማቸው ጠረጴዛውን ያያል።

«ስንት ላይ ማቆም እንዳለብን ግን የሚያውቅ የለም» ቀጠለ ሐመዱ። «የኛንም የነሱንም አሮጌ ጉድጓዶች ጎርፍ ደፍኗቸዋል። አማቴ በገመድ ነበር የሚለካው፤ እሱም የለም፣ ገመዱም የለም። ባሕሩ ከነሱም ከኛም እኩል ነው የሚርቀው። የነሱን ብናውቅ የኛን እናውቅ ነበር።»

ግርማቸው ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ሰባው ቀርቷል፤ በሌላ ባለሙያ ይለካ ብሎ መሄድ ይችላል፤ ነገም ኢንጂነር እንደተባለ ይውላል። ፈራ። ሆኖም ጥልቀቱን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«ሐመዱ» አለ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

ስመኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አሥራት ቀና ብሎ አየውና አንገቱን ደፋ። በስልኩ ውስጥ ፍየል ሲጮኽ ይሰማል፤ ከዚያ ሐመዱ በአፋርኛ ለአንድ ሰው ተናገረ። የሴት ድምፅ መለሰ፤ ረጅም ጊዜ ተናገረች።

«ሚስቴ ናት» አለ ሐመዱ።

«ምን አለች?»

«ብዙ አለች። ሁሉን አልተረጉምልህም። ‹ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ ገመዱን ሲያወርድ አንተ በሜትርህ ስትለካ አይቼሃለሁ› ነው የምትለው። ‹ስንት ነበር?› ትላለች።»

ማስታወሻ አላስፈለገውም።

«አሥራ አራት» አለ።

ሐመዱ ቁጥሩን አሻገረላት። ሴትየዋ ደገመችው፤ ዝግ ብላ እንደገና ደገመችው። ኮሎምበስ ያሉት ሦስቱም ቃሉን ባያውቁትም ምን እያለች እንደሆነ ገባቸው። ስመኝ ሰባ የሚለውን በእስክሪብቶዋ ሰረዘች።

«ቁፋሮው ሲጀመር እሱ ይምጣ ትላለች» አለ ሐመዱ።

«እኔ?»

«አንተ። ሌላው ቢያጠፋ የት እናገኘዋለን? አንተን ግን አሁን አውቀንሃል።»

አሥራት የግርማቸውን ወንበር መደገፊያ ያዝ አደረገ።

«እመጣለሁ» አለ ግርማቸው። ዝግ ብሎ ስለተናገረ ሐመዱ አልሰማውም፤ ደግሞ ማለት ነበረበት።